ቦኩን ያለ አድልዎ መያዝ፦ የስብሰባና የሽምግልና ሥርዓት ታሪክ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ

መግቢያ

ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው በሚሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ የማይቀሩ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። የመናገር ተራ የሚሰጠው ለማን ነው? ስብሰባውን የሚያውከውን ሰው ዝም የማሰኘት ሥልጣን የማን ነው? ዝም አሰኚው ራሱ ያደላ እንደሆነስ አቤት የሚባለው ወደ ማን ነው? መንግሥት ዘበኛና ወኅኒ ቤት ስላለው ፍርዱ ቢጣመም እንኳ ትእዛዙ ይፈጸማል። በፈቃድ የቆመ ማኅበር ግን ከአባላቱ እምነት በቀር ሌላ ጉልበት የለውም። ሰብሳቢው አድልቷል ብሎ ያመነ አባል አብዛኛውን ጊዜ ተነሥቶ አይሟገትም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ብቻ ሳይመጣ ይቀራል። ከእርሱም በኋላ ሌላው፣ ከሌላውም በኋላ ሦስተኛው ይቀራል። መዋጮው እየቀነሰ፣ ወንበሩ እየሳሳ ሄዶ ማኅበሩ ስሙ ብቻ በመዝገብ ላይ ይገኛል።

አባቶች ይህን ነገር «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» በሚለው ተረታቸው በአጭሩ ገልጸውታል። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ግን ለአንድ ምሳ የማትበቃ ቂጣ ናት። ሆኖም ሰውን የሚያንገበግበው የጠፋበት ነገር ትልቅነት ሳይሆን የጠፋበት መንገድ ነው። የተሰማና የተረታ ሰው በማኅበሩ ውስጥ ይቆያል፤ ሳይሰማ የተቀጣ ግን ቅጣቱ አምስት ብር ቢሆንም እንኳ ቂም ይዞ ይወጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የፍትሐዊ ሰብሳቢነት ጉዳይ በአንድ አካባቢ፣ ማለትም በአምቦና በዙሪያዋ ባሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ በየዘመኑ እንዴት እንደተያዘ መመርመር ነው። አካባቢው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን ጎዳና ይዞ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ የሚያልፍ መንገደኛ፣ በአንድ መንገድ ላይ የገዳን ጨፌ መታሰቢያ፣ የቃሉን ጋልማ፣ የሽማግሌዎችን ጉባኤ፣ የከተማውን እድርና የመንግሥትን ፍርድ ቤት ያገኛል። አምስቱም ያንኑ አንድ ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ ሲመልሱ ኖረዋል።

በኦዳ ቢሲል ጥላ ሥር

በገዳ ሥርዓት ታሪክ ከሚጠሩት ታላላቅ የጉባኤ ስፍራዎች አንዱ ኦዳ ቢሲል ነው። የሚገኘውም ከጌዶ አልፎ በኢሉ ገላን ወረዳ ነው። የሜጫ ኦሮሞ ከቱለማ ወንድሞቹ ተለይቶ ወደ ምዕራብ ከተሻገረ በኋላ የራሱን ጨፌ ያቆመው በዚህ ስፍራ መሆኑን የአካባቢው ትውፊት ይናገራል። የሜጫን ሕግ እንደ ሠራ የሚነገርለት ማኮ ቢሊ ስሙ ከዚሁ ከኦዳ ቢሲል ጋር ተያይዞ ይነሣል። በአገራችን የጽሑፍ ታሪክ በኩል ደግሞ መነኩሴው አባ ባሕርይ በ1593 እ.ኤ.አ. በጻፉት አጭር ድርሳን ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ሉባ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ መዝግበዋል። ጸሐፊው ሥርዓቱን የተመለከቱት በውጊያ ከወዲያ ማዶ ሆነው ነበር። ይህም ሆኖ የሥልጣኑን ዘመን መወሰን ሳይጽፉት አላለፉም።

የገዳ ሥርዓት መዋቅር በአጭሩ እንዲህ ነው። ኅብረተሰቡ በአምስት የገዳ ምድቦች ይከፈላል። እያንዳንዱ ምድብ ስምንት ዓመት ይመራና ለተከታዩ ያስረክባል፤ አምስቱ ተራቸውን ሲጨርሱ አርባ ዓመት ይሞላል። ቦኩ የሚባለው በትረ ሥልጣን በአባ ገዳው እጅ ይሆናል፤ ነገር ግን ቦኩው የወንበሩ እንጂ የሰውየው ንብረት አይደለም። ሥልጣኑን ያስረከበው መሪ ዩባ በሚባለው የአማካሪነት ደረጃ ይቀመጣል። ስለዚህ አዲሱ መሪ ሲናገር ትናንት በዚያው ስፍራ የተቀመጡት ሰዎች ከጎኑ ሆነው ያዳምጡታል።

ጨፌው ሲሰበሰብ ነገር የሚጀመረው በምርቃት ነው። ምርቃቱ ባዶ ሥነ ሥርዓት እንዳይመስል ያስፈልጋል። በጉባኤው መካከል ሰላም እንደ ወረደ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚነገረው ቃል ሁሉ ሰላሙን የማያደፈርስ መሆን እንዳለበት የሚያውጅ ነው። ከዚያም ሕጉ በሕዝብ ፊት በቃል ይታወጃል። ይህ አዋጅ የጽሑፍን ሥራ ይሠራ ነበር። ሁሉም ሰው ሕጉን አስቀድሞ የሰማ ስለሆነ፣ በኋላ «አላወቅሁም» የሚል ተከሳሽ ወይም «እኔ የምለው ነው ሕጉ» የሚል ዳኛ ቦታ አያገኝም። ውሳኔውም የሚሰጠው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በስምምነት ነው። አንድ ሐሳብ እስኪጠራ ድረስ ይመላለሳል፤ ተቃዋሚው ሐሳቡ ባይጸድቅለትም ሐሳቡ እንደተሰማለት አውቆ ይቀመጣል።

ስለዚህ ጉዳይ በሰፊው የተጻፈው በደቡብ በኩል ስላለው ስለ ቦረና ነው። አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፋቸው፣ ማርኮ ባሲም በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናታቸው እንዳብራሩት፣ በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ ከአባ ገዳው በላይ ነው። መሪው ቢያጠፋ ጉባኤው በመንቀል ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ ሰብሳቢው ሌሎችን የሚዳኝ፣ ራሱም የሚዳኝ ሰው ነው። በመግቢያው የተነሣው ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ዳኛው ባደላ ጊዜ ወዴት ይኬዳል የሚለው፣ በዚህ ሥርዓት ግልጽ መልስ ነበረው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ማለትም ዩኔስኮ፣ በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባደረገው ስብሰባ የገዳን ሥርዓት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ማስፈሩ ይታወሳል።

ከጥላው ውጭ የቀሩት

ታሪክን በምስጋና ብቻ መጻፍ ግን ለአንባቢ አይጠቅምም። የጨፌው ጥላ ሰፊ ቢሆንም ሁሉን አያስጠልልም ነበር። ሜጫዎች ወደ ምዕራብ ሲስፋፉ ያገኟቸውን ነባር ሕዝቦች ገበሮ በሚል ስም ከራሳቸው ጋር ቀላቀሉ፤ መብታቸው ግን እኩል አልነበረም። መሐመድ ሐሰን በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኦሮሞ ታሪክ እንደገለጹት፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ ዐሥርተ ዓመታት ገበሮዎች በጌቶቻቸው ላይ ተነሥተው ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር እስከ መተባበር ደርሰዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ለውስጥ ሰው እንከን የሌለው ዳኝነት፣ በደጅ የቆመውን ሰው የማይሰማ ከሆነ፣ በደጅ የቆመው ሌላ ዳኛ ይፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ የዚህን መጽሔት አንባቢዎች ሊነካ የሚገባው የእጅ ባለሙያዎቹ ዕጣ ነው። ማረሻውን፣ ጦሩንና ማጭዱን የሚሠራው ቱምቱ፣ ማለትም ቀጥቃጩ፣ ያለ እርሱ እርሻም ጦርነትም የማይሆን ሰው ሳለ፣ በጋብቻም በጉባኤም ተገልሎ ይኖር ነበር። ይህ ነውር የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። በሰሜኑም በመሐሉም አገር ብረት ሠሪው ቡዳ፣ ሸማኔው ቁጢት በላ፣ ፋቂው ጥንበ በላ እየተባለ ይሰደብ እንደነበረና፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው የታወቀ ነው። የዛሬው መሐንዲስ የሙያ አባቱ ማን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ በጨፌው ዳር ቆሞ የመናገር ተራ ያልተሰጠውን ያንን ቀጥቃጭ መጥቀሱ አይቀርም።

ሴቶችም በገዳ ወንበር አልተቀመጡም። ሆኖም ሲንቄ የሚባለው የባለትዳር ሴቶች በትር የራሱ ክብርና ኃይል ነበረው። በደል የደረሰባት ሴት ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣና ሌሎቹ ሴቶች ሲከተሏት፣ ወንዶቹ ጥፋቱን ሳያርሙ ሊያልፉ አይችሉም ነበር። ሲንቄ በያዙ ሴቶች ፊት ጠብ ይቆማል። በሌላው የአገራችን ክፍል «በሕግ አምላክ!» የሚለው ቃል የተቆጣን ሰው በእርምጃው ላይ እንደሚያቆመው ማለት ነው። ይህም ወንበር የሌላቸው ሰዎች ወንበር ያለውን የሚገቱበት መሣሪያ ነበር። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ከወንበሩ ጋር ግን እኩል አይደለም።

ከጨፌ ወደ ጋልማ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የምሥራቅ ሜጫ ምድር ሌላ መልክ ያዘ። ጦረኛና ባለሀብት የሆኑ ኃይለኛ ሰዎች በየአካባቢው ተነሡ፤ ስምንት ዓመት ጠብቆ ቦኩን የሚያስረክብ ሥርዓት ለእነዚህ ሰዎች አልተመቸም። ከዚያም የምኒልክ ሠራዊት አካባቢውን በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲያደርግ ጨፌው የፖለቲካ ሥልጣኑን ቀስ በቀስ አጣ። ሄርበርት ሉዊስ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የምሥራቅ ሜጫን የሥልጣን ቅብብል «ገዳ፣ ኃይለኛ ሰው፣ ቃሉ» በሚል ቅደም ተከተል ገልጸውታል።

ቃሉ የሃይማኖት አባት ነው። በዓመት በዓሉ፣ በስለቱና በምርቃቱ ጊዜ ሕዝብ ወደ ጋልማው ይሰበሰባል። በዚያው ግቢ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሰዎችን ክርክር ይሰማሉ። ካርል ክኑትሰን በ1967 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት በሜጫ ቃሉዎች ላይ ያተኮረ መጽሐፍ ይህ የጋልማ ችሎት እየሰፋ የሄደበትን ምክንያት ይመረምራል። በዚያን ጊዜ በአምቦ፣ ሀገረ ሕይወት በሚለው ስሟ፣ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ፍርድ ቤት ነበረ። በ1939 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 90 መሠረትም በየቀበሌው አነስተኛ ክርክሮችን የሚያዩ የአጥቢያ ዳኞች ተቋቁመዋል። ዳሩ ግን ገበሬው ከመንግሥቱ ችሎት ይልቅ ጋልማውን የመረጠበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምክንያቱ ለማንም ሰብሳቢ ትምህርት ይሆናል። በመንግሥቱ ችሎት ክርክሩ የሚካሄደው ባለጉዳዩ በማይችለው ቋንቋ ነበር፤ ለጠበቃ፣ ለራፖር ጸሐፊና ለመንገድ የሚወጣው ወጪም ከባድ ነበር። የአጥቢያው ዳኛም ብዙ ጊዜ የመሬቱ ባለቤት ወይም የእርሱ ወገን ስለሚሆን፣ ጭሰኛው የሚከሰውና የሚዳኘው አንድ ሰው ሆኖበት ይቸገር ነበር። በጋልማው ግቢ ግን ሰው በገዛ ቋንቋው ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹ የአገሩን ነገር ያውቃሉ፤ ውሳኔውን የሚያስፈጽመው ዘበኛ ሳይሆን እርግማንን መፍራት ነው። የጋልማው ችሎት የራሱ ጉድለት ነበረው። ቃሉው በስምንት ዓመት የሚወርድ አይደለም፤ አንዳንዶቹም ብዙ መሬትና ከብት ያካበቱ ባለጸጎች ሆነዋል። ስለዚህ ገዳ የነበረው የዘመን ገደብ ቀርቶ፣ የጋልማው ፍትሕ በሰውየው ጠባይ ላይ ተንጠለጠለ። መልካም ቃሉ ባለበት መልካም ችሎት፣ ስግብግብ ቃሉ ባለበት ደግሞ ስግብግብ ችሎት ሆነ።

የጃርሱማ አሠራር

ከጨፌውም ከጋልማውም ይልቅ ዕድሜው የረዘመና እስከ ዛሬም በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በገጠሩ ሁሉ የሚሠራበት ጃርሱማ፣ ማለትም የጃርሳ ቢያ ሽምግልና ነው። አሠራሩ በቅርብ ሲታይ ጥንቃቄው ያስደንቃል።

በመጀመሪያ ሽማግሌዎቹ የሚመረጡት በሁለቱም ወገኖች ነው። አንዱ ወገን ያልተቀበለው ሽማግሌ አይቀመጥም። በሁለተኛ ደረጃ ተከራካሪዎቹ ለውሳኔው እንደሚገዙ ዋቢ፣ ማለትም ዋስ፣ ይጠራሉ። ዋሱ የተከራካሪው ዘመድ ወይም ጎረቤት ስለሚሆን፣ ውሳኔውን የሚጥስ ሰው የሚያሳፍረው ራሱን ብቻ አይደለም። በሦስተኛ ደረጃ ከሳሽም ተከሳሽም ሳይቋረጥ ይናገራል። አንዱ ሲናገር ሌላው ገብቶ «ዋሸ» ቢል ሽማግሌው ያስቆመዋል፤ ንግግርም የሚደረገው ወደ ሽማግሌዎቹ እንጂ ወደ ባላጋራው ፊት ዞሮ አይደለም። በአራተኛ ደረጃ ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ይመክራሉ፤ ሲመለሱም አንድ ቃል ይዘው ይመለሳሉ። በመጨረሻም ካሣው ከተወሰነ በኋላ ዕርቅ ይደረጋል፤ ምርቃት ይደረጋል፤ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ገበታ ይቀርባሉ።

ይህ የመጨረሻው ደረጃ ከሁሉ ይበልጣል። የመንግሥት ፍርድ የሚያበቃው ጥፋተኛው ሲቀጣ ነው፤ የጃርሱማ ፍርድ ግን ጥፋተኛው ወደ ጉርብትናው ሳይመለስ አያልቅም። ጉዳዩ የነፍስ መጥፋት ሲሆን እንኳ ጉማ በሚባለው ሥርዓት የደም ካሣ ተከፍሎ፣ ቂሙ በመሐላና በሥርዓት ይዘጋል። ደጀኔ ገመቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በወሊሶ አካባቢ ይህ ሥርዓት እንዴት እንደሚፈጸም በዝርዝር ያሳያል። በአንድ ምንጭ ውኃ የሚቀዱ፣ በአንድ ገበያ የሚገበያዩ ሰዎች አንዱን ለዘለዓለም አግልለው መኖር እንደማይችሉ ያወቀ ኅብረተሰብ ያበጀው ጥበብ ነው።

የአገሪቱ ዘመናዊ ሕግም ይህን ጥበብ ባዕድ አላደረገውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዕርቅና ስለ ግልግል የሚናገሩ አንቀጾች ነበሩት። ከእነዚህም ቁጥር 3335 የግልግሉ ውል ዳኛውን በመምረጥ ረገድ አንደኛውን ወገን የሚያስበልጥ ከሆነ ዋጋ የለውም ይል ነበር። የግልግሉ ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ቢተካም፣ ሐሳቡ ማንም የጃርሱማ ሽማግሌ ያለ ጽሑፍ የሚያውቀው ነው።

የከተማው እድር

ከተሞቹ እያደጉ ሲሄዱ አንድ አዲስ ችግር መጣ። በአምቦ ገበያ፣ በጊንጪና በሆለታ ጎን ለጎን የሠፈሩት ነጋዴ፣ ወታደር፣ መምህር፣ የፋብሪካ ሠራተኛና የጉልበት ሠራተኛ የተለያየ ቋንቋና ሃይማኖት ያላቸው፣ ጋራ አያት የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። የጎሳ ሽማግሌ አያውቃቸውም። ቀብር ግን ለሁሉም ይመጣል። ስለዚህ እድር ተመሠረተ። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ስለ እድርና ስለ እቁብ ሲጽፉ፣ እነዚህ ማኅበራት በከተሜው ኑሮ ውስጥ ሥር ሰድደው ነበር።

በእድር ውስጥ ሰብሳቢው «ዳኛ» መባሉ በአጋጣሚ አይደለም። ሥራው ስብሰባ መምራት፣ ቅጣት መጣልና ጠብ ማብረድ ነው። ከዳኛው ጋር ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አሉ፤ ገንዘቡን የሚይዘው ዳኛው እንዳይሆን የተደረገው በጥንቃቄ ነው። ከሁሉም ይልቅ የእድር ታላቅ ሥራ የቃሉን ሕግ ወደ ጽሑፍ ማውረዱ ነው። መተዳደሪያ ደንቡ በደብተር ተጽፎ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ተነብቦ፣ አባላት ፈርመውበት ይቀመጣል። ቀብር የቀረ ይህን ያህል፣ ስብሰባ ያረፈደ ይህን ያህል፣ በስብሰባ መካከል የተሳደበ ይህን ያህል ተብሎ የቅጣቱ ልክ አስቀድሞ ይታወቃል። ዳኛው ቢወድህም ቢጠላህም ቅጣቱ ያው ነው።

በእድር ውስጥ ያለውን ፍርድ ከባድ የሚያደርገው የመጨረሻው ቅጣት ነው። ከእድር የተሰረዘ ሰው ቤቱ ሐዘን ሲገባ ድንኳን የሚተክልለት፣ አስከሬን የሚሸከምለት ያጣል። ስለዚህ ጥሩ እድር ሰውን በቁጣ አይሰርዝም። ያስጠነቅቃል፤ ይቀጣል፤ ሽማግሌ ይልካል፤ ሰውየውም አማላጅ ሲልክ በሩን አይዘጋም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት ሁለት ጊዜ «ምከረው» ካለ በኋላ ብቻ ወደ መከራው መድረሱን ልብ ይሏል።

መንግሥትም በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጣው የማኅበራት ምዝገባ ደንብ እድሮችንና ሌሎች ማኅበራትን በመዝገብ እንዲገቡ አደረገ። በዚያው ዘመን ስሙን ከዚህ ምድር የወሰደ አንድ ታላቅ ማኅበር ነበረ። በጥር ወር 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳ ሊቀ መንበርነት ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ለማስፋፋት ሲንቀሳቀስ ብዙ ሕዝብ አሰባሰበ። በ1967 እ.ኤ.አ. ማኅበሩ ታገደ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። ሰዎች ጉዳያቸውን በግልጽ የሚያነሡበት ስብሰባ ሲዘጋ ጉዳዩ አብሮ እንደማይዘጋ ከዚያ ወዲህ ያለው የአገሪቱ ታሪክ አሳይቷል።

ፍርድና አስተዳደር በአንድ እጅ

በ1967 ዓ.ም. የወጡት ሁለት አዋጆች የጉርብትናውን ዳኝነት መልክ ለወጡት። አዋጅ ቁጥር 31 በገጠር የገበሬ ማኅበራትን፣ አዋጅ ቁጥር 47 በከተማ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ሲያቋቁሙ፣ ለሁለቱም የፍርድ ሸንጎ ሰጧቸው። ሐሳቡ በመሠረቱ መልካም ነበር። ዳኛው ከጎረቤት መካከል ይመረጣል፤ ጠበቃና ራፖር አያስፈልግም፤ ጭሰኛው ከባለመሬቱ ዳኝነት ነፃ ይወጣል።

ችግሩ የመጣው ከአደረጃጀቱ ነው። ያው አንድ ማኅበር መሬት ያከፋፍላል፣ ቤት ያከራያል፣ ስኳርና ዘይት ያድላል፣ ወጣቱን ለዘመቻ ይመዘግባል፣ ከዚያም ይፈርዳል። በአንድ ምሰሶ ላይ አምስት ጭነት የጫነ ሰው ምሰሶው ሲጎብጥ የእንጨቱን ጥራት ብቻ መውቀስ አይችልም። የሸንጎው አባል ቅን ሰው ቢሆን እንኳ፣ የሚፈርድበት ጎረቤት ነገ ለዘይት እርሱው ዘንድ እንደሚሰለፍ ያውቃልና ክርክሩ ነፃ ክርክር አልሆነም። ሽማግሌውና የእድሩ ዳኛ በዚያም ዘመን ሥራ ያልፈቱት ስለዚህ ነው። የሚታደል ነገር በእጃቸው ስላልነበረ፣ ቃላቸው የሚሰማው ስለ ቃላቸው ብቻ ነበር።

የአንድ መሐንዲስ መጽሐፍ

ይህን ታሪክ ከሌላው ዓለም ጋር ለማነጻጸር ያህል፣ የሙያ ባልደረባችን የሆነውን አሜሪካዊ መሐንዲስ መጥቀስ ተገቢ ነው። ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የጦር ሠራዊት መሐንዲስ መኮንን ነበር። በ1863 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ግዛት በኒው ቤድፎርድ ከተማ አንድ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዲመራ ሳይዘጋጅ ተጠየቀ። ሥርዓቱን ባለማወቁ ስብሰባው ታወከ፤ እርሱም በዚያ በማፈሩ ስለ ስብሰባ ሥርዓት ማጥናት ጀመረ። በ1876 እ.ኤ.አ. በራሱ ወጪ ያሳተመው የስብሰባ ሥርዓት መጽሐፍ እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች የማኅበራት መመሪያ ነው። ይኸው ሰው በኋላ ጋልቨስተን የተባለችው ከተማ በ1900 እ.ኤ.አ. በማዕበል ከወደመች በኋላ የባሕር መከላከያ ግንቧን ያቀደውን የመሐንዲሶች ጉባኤ መርቷል።

የሮበርት ደንቦች ለጃርሱማ ሽማግሌ እንግዳ አይሆኑም። በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ ብቻ ይነሣ፤ ተናጋሪ ንግግሩን ወደ ሰብሳቢው ያድርግ እንጂ ባላጋራውን አይናገር፤ ያልተናገረ ሰው ሳለ የተናገረው ደግሞ አይናገር፤ ሰብሳቢው በጉዳዩ መከራከር ከፈለገ ወንበሩን ለሌላ ይልቀቅ፤ በሰብሳቢው ብያኔ ያልተስማማ አባል ወደ ጉባኤው ይግባኝ ይበል። ልዩነቱ በውሳኔው ላይ ነው። ሮበርት ነገሩ በድምፅ ብልጫ እንዲቋረጥ ያደርጋል፤ ጨፌውና ጃርሱማው እስኪስማሙ ድረስ ይጠብቃሉ። ብልጫው ፈጣን ነው፤ የተሸነፈውን ግን ባለበት ይተወዋል። ስምምነቱ ጊዜ ይፈጃል፤ ግትር ሰውም ሊያጓትተው ይችላል፤ ከተፈጸመ በኋላ ግን የሚያስፈጽም ዘበኛ አይሻም። ሕንጻ ዛሬ መሠራት ካለበት ብልጫው ይሻላል። ሰዎቹ ከሕንጻው በኋላም አብረው የሚኖሩ ከሆነ ግን ስምምነቱ የሚወስደው ጊዜ ብክነት አይደለም።

መደምደሚያ

የኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። በዚህም ከኦዳ ቢሲል ዘመን ጀምሮ የመጣው የሽማግሌ ዳኝነት በመዝገብና በማኅተም ወደ መሥራት ተሻግሯል። ይህ ለአካባቢው ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ታሪኩ ያስተማረንን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ማኅተም የያዘ ሽማግሌ ከማኅተሙ ጋር ኃይል አግኝቷልና፣ ቃሉው ሀብት ሲያገኝ፣ ሸንጎው ዘይት ሲያድል የደረሰው እንዳይደርስበት፣ የዘመን ገደብና የይግባኝ መንገድ ሊጠበቅለት ይገባል። በወንበሩም ላይ ሲንቄ የያዘችው ሴትና የቀጥቃጩ ልጅ ሊቀመጡ ይገባል።

ለሙያ ማኅበራትም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የሙያ ማኅበር ወኅኒ የለውም፤ ዘይትም አያድልም። ያለው የአባላቱ እምነት ነው። ይህን እምነት ጠብቀው የቆዩት ሥርዓቶች ከላይ እንደታየው የሚመሳሰሉባቸው ነገሮች አሏቸው። ሕጉ አስቀድሞ በሁሉ ፊት ይነበባል። ሰብሳቢው የሚወርድበትን ቀን ያውቃል። ሁለቱም ወገን የተቀበለው ሰው ይዳኛል። የተከሰሰ ሳይሰማ አይቀጣም። የተቀጣም የሚመለስበት በር አይዘጋበትም። ከእነዚህ አንዱ በጎደለበት ስፍራ ሁሉ ስብሰባው ለጊዜው ቢሞላም አባላቱ አንድ በአንድ ቀርተዋል። ደንባችንን ስናሻሽል፣ ሥራ አስፈጻሚ ስንመርጥና የዲሲፕሊን ኮሚቴ ስናቋቁም፣ በእነዚህ ነጥቦች ደንባችንን መርምረን የጎደለውን ብንሞላ፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት አባላት ቦኩን በሚገባ አስረከብናቸው ማለት ነው።